ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይስ ሰያፍ? ለየት ያሉ የአውሮፕላን ክንፎች ንጽጽር

በድሪምላይነር ተሳፍሮ ክንፉ አጠገብ ያለው መስኮት የደረሰው ሰው ያየዋል። ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ክንፉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይጎብጣል። ጎማው መሬት ሲለቅ ጫፉ ቅድም ከነበረበት ብዙ ከፍ ብሏል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ይደነግጣል። አያስደነግጥም። ክንፍ ይጎብጣል፣ መጉበጥም አለበት። ዋናው ጉዳይ ሲጎብጥ በዚያው ይጠመዘዛል ወይ፣ ከተጠመዘዘስ ወደየት ነው የሚለው ነው። ወደ ፊት ስላዘመመ ክንፍ፣ ማለት ጫፉ ወደ አፍንጫው ስላዘነበለ ክንፍ፣ የሚወራው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን የጻፍኩት «ወደ ፊት ያዘመመ ክንፍ ልሥራ ወይስ ሌላ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለምሰማ ነው። ፎም ቆርጦ ሞዴል የሚሠራ ልጅ ይጠይቃል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘ የምህንድስና ተማሪ ይጠይቃል፣ ውጭ አገር ጋራዡ ውስጥ እውነተኛ አውሮፕላን የመሥራት ሐሳብ ያለውም ይጠይቃል። ሁሉም ክንፉ ወደ ፊት ያዘመመውን የአሜሪካ የሙከራ ጄት፣ የኤክስ-29ን ፎቶ አይተው ልባቸው ተሰርቋል። አልፈርድባቸውም፤ የእኔም ተሰርቋል።

መጀመሪያ መለኪያው

ክንፍ ከመምረጣችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ሲጎብጥ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ስቶል ከየት ይጀምራል? ስቶል ማለት ክንፉ አየሩን ከልክ በላይ ቀና ብሎ ሲገጥመው አየሩ ከላይኛው ገጽ ተላቆ ማንሳት የሚያቅተው ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በሰው እጅ ብቻ ይበራል? አራተኛ፣ ከምን ይሠራል፣ ስንትስ ያስወጣል? አምስተኛው ሰው የሚረሳው ነው፤ ለዚህ ሁሉ ድካም በምላሹ ምን ይሰጠኛል?

ማማርን መለኪያ ውስጥ አላስገባሁም። ቢገባ ወደ ፊት ያዘመመው ያለ ውድድር ያሸንፍና ጽሑፉ እዚህ ያልቅ ነበር።

ወደ ኋላ ያዘመመ ክንፍ

ይሄ የለመድነው ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡዘማን በ1935 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሮም ላይ በተደረገ ጉባኤ ሐሳቡን አቀረበ፤ ከጦርነቱ በኋላ ጄቱ ሁሉ ያዘው። ጥቅሙ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ የሚመጣውን የአየር መጎተት ማዘግየቱ ነው። ደብረ ዘይት የነበሩት ኤፍ-86 ሴበሮች የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ሲጎብጥ የፊት ጠርዙ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ጫፉ የሚሸከመው ይቀንሳል፣ ክንፉም ራሱን ያስታግሳል። በጣም ደግ ጠባይ ነው። ችግሩ ስቶል ላይ ነው። አየሩ ወደ ጫፍ ስለሚንሸራተት መጀመሪያ የሚከዳው ጫፉ ይሆናል። ኤለሮኑ፣ ማለት አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያጋድለው ተንቀሳቃሽ ሳንቃ፣ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። አብራሪው በጣም በሚፈልገው ሰዓት መሪው አይሰማውም፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይነሳበታል። የሚግ-15 ክንፍ ላይ ቆመው የምታዩዋቸው ቀጫጭን ግድግዳዎች የተሠሩት ይህን የአየር ሽሽት ለማገድ ነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚበር ሞዴል ግን ወደ ኋላ ማዘመም ለፍጥነት ምንም አይጠቅምም። ጅራት ከሌለው በቀር አታስቡት።

ወደ ፊት በደንብ ያዘመመ ክንፍ

አሁን ወደ ውዱ እንምጣ።

ሐሳቡ ሲሰሙት የሚያሳምን ነው። ጫፉን ወደ አፍንጫው ብናዞረው አየሩ ወደ ጫፍ ሳይሆን ወደ ሥሩ፣ ማለት ክንፉ ከአካሉ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ይንሸራተታል። ስቶልም ከሥር ይጀምራል። ጫፉና ኤለሮኑ በሕይወት ይቆያሉ። አፍንጫው ሰማይ እያየ እንኳ አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ ማጋደል ይቻላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አላደረገውም? አንድ ቁራጭ ካርቶን ውሰዱ። በክንፍ መጠን ቁረጡትና ጫፉን ወደ ፊት አዘምማችሁ ሥሩን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በመጽሐፍ ጫኑት። ጫፉን በጣት ወደ ላይ ግፉ። ከጎን ሆናችሁ እዩት። የፊት ጠርዙ ከኋላው ይልቅ ከፍ ብሏል። ማለት ክንፉ ሲጎብጥ አየሩን ይበልጥ ቀና ብሎ ይገጥመዋል። ይበልጥ ሲገጥመው ይበልጥ ያነሳል፣ ይበልጥ ሲያነሳ ይበልጥ ይጎብጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ከተወሰነ ፍጥነት በታች ክንፉ በጥንካሬው ይቋቋመዋል። ያ ፍጥነት ሲታለፍ ግን የሚያቆመው ነገር የለም፤ ይቀነጠሳል።

የእኔ የመጀመሪያው ክንፍ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከመጣ ነጭ ፎም የተሠራ ነበር። 30 ዲግሪ ወደ ፊት አዘመምኩት፤ ልክ እንደ ኤክስ-29 መሆን አለበት ብዬ። በእጅ ቀስ ብዬ ስወረውረው ጥሩ ተንሳፈፈ። ጎረቤት ልጆች አጨበጨቡ። ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ በኃይል ስወረውረው ግን ቀኝ ክንፉ እንደ ቅጠል ተጠምዝዞ ወደ ላይ ታጠፈና «ጧ» ብሎ ከሥሩ ለቀቀ። የቀረው አካሉ እየተሽከረከረ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አረፈ። ያኔ ጥፋቱን በኮላው ላይ ለጥፌው ነበር። ኮላው ንጹሕ ነው።

ትልልቆቹም በዚህ ተፈትነዋል። ጀርመን ውስጥ ሃንስ ቮኬ የነደፈው ዩንከርስ 287 በነሐሴ 1944 በረረ። ጦርነቱ ስለጠበበባቸው አውሮፕላኑን የገጣጠሙት ከሌሎች አውሮፕላኖች አካል ነው፤ ቀፎው ከሃይንክል 177 የመጣ ሲሆን የፊት ጎማዎቹ ደግሞ ተመትተው ከወደቁ የአሜሪካ ቢ-24ዎች የተፈቱ ናቸው። ክንፉን ከብረት አጠንክሮ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ለሚፈለገው ፍጥነት ሲጠነክር ክብደቱ ያገኙትን ጥቅም ሁሉ ይበላዋል። ጉዳዩ ለ30 ዓመት ያህል ቆሞ የቀረው በዚህ ነው።

የከፈተው ካርቦን ፋይበር ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኖሪስ ክሮን የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ክብደት ሳይጨመር ችግሩን ማለፍ እንደሚቻል በጥናት አሳየ። ዘዴውን በነጠላ ልታዩት ትችላላችሁ። ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ ብትስቡት ቀጥ ይላል፤ በሰያፍ ብትስቡት ይጣመማል። የካርቦኑን ክሮች ከክንፉ ዘንግ ትንሽ ወደ ፊት አዙረው ሲያነጥፏቸው ክንፉ ጎብጦ ሳለ የፊት ጠርዙ ወደ ታች እንዲጠመዘዝ ይገደዳል። አንዱ መጣመም ሌላውን ያጣፋል። በጣም የሚያምር መፍትሔ ነው፤ ግን ካርቦን ስለገዛችሁ ብቻ አይመጣም። ክሩ በትክክል ካልተነጠፈ ውድ ፎም ገዛችሁ ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ የአሜሪካው ኩባንያ ግሩማን ሁለት ኤክስ-29ዎችን ሠራ። ውሉ 87 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህም ላይ እንደ እኛ ቆጥበዋል። አፍንጫው የኤፍ-5 ነው፤ ደብረ ዘይትም ላይ የበረረው ያ ኤፍ-5። የማረፊያ እግሩ ደግሞ ከኤፍ-16 ተወሰደ። ታኅሣሥ 1984 ላይ ካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ ጦር ሰፈር ተነሳ። ክንፉ 33 ዲግሪ ወደ ፊት አዝምሟል። የሚገርመው የድሪምላይነር ክንፍ ወደ ኋላ ያዘመመው በተቀራራቢ አንግል ነው፤ ወደ 32 ዲግሪ።

ከፊት ለፊቱ ካናርድ፣ ማለት ትንሽ ክንፍ፣ አለው። አውሮፕላኑ ሆን ተብሎ ሚዛኑን እንዲስት ተደርጎ ስለተሠራ ኮምፒውተሩ በሰከንድ 40 ጊዜ ያስተካክለዋል። ሦስት ዲጂታል ኮምፒውተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከጀርባው አናሎግ ተተኪ አለው። ሁሉም ቢጠፉ አብራሪው ለማዘን እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ውጤቱስ? በእጅ የመታዘዙ ነገር ተሳክቷል። ሁለተኛው አውሮፕላን አየሩን በ45 ዲግሪ ገጥሞ እንኳ በደንብ ይታዘዝ ነበር። የአየር መጎተት ይቀንሳል የተባለው ግን በጥናት እንደተጠበቀው አልታየም። ይህን ብዙ አድናቂ አይናገረውም። ለእኔ ግን ከፎቶው በላይ የሚያስተምረው ይሄ ነው፤ አምስተኛው መለኪያ ላይ ክንፉ ደከመ።

ሩሲያዎች በመስከረም 1997 ሱ-47ን አበረሩ። አንድ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ቀጥለው የሠሩት ሱ-57 ክንፉ ወደ ኋላ ነው።

ሁለት የማይወሩ ችግሮች ልጨምር። አንድ፣ እንዲህ ያለ ክንፍ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲዞር ይበልጥ ሊያዞረው ይፈልጋል፤ ስለዚህ የቆመው ጅራት ተለቅ ማለት አለበት። ሁለት፣ «ከሥር ስለሚጀምር ስቶሉ ሰላም ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሥሩ ያለው ከኋላ ነው። ሥሩ ሲከዳ የሚሸከመው ከፊት ያለው ጫፍ ስለሚሆን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ኤክስ-29 ካናርድም ከኋላ የሚታጠፍ ሳንቃም የተጨመረለት ለጌጥ አይደለም።

ወደ ፊት በጥቂቱ ያዘመመ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ሰው ከላይኛው ጋር ስለሚያምታታው ነው። ሁለት ሰው የሚጭኑ የማሠልጠኛ ግላይደሮች፣ ለምሳሌ የቼኩ ብላኒክ ኤል-13 እና የጀርመኑ ኤኤስኬ 13፣ ክንፋቸው 5 እና 6 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ነው። ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም፤ ቦታ ነው። የኋላ ተቀማጩ የክብደት ማዕከሉ አጠገብ እንዲሆን የክንፉ ሥር ወደ ኋላ መሄድ አለበት፣ ክንፉ ሲሸከም ግን ሚዛኑ ላይ መሆን አለበት። ትንሽ ማዘመም ሁለቱንም ያስታርቃል።

ያው ቮኬ ከጦርነቱ በኋላ በዚሁ ምክንያት ሃንዛ ጄትን ነደፈ። 1964 ላይ በረረ። ክንፉ 15 ዲግሪ ወደ ፊት ስለሆነ የክንፉ ዋና ተሸካሚ ከተሳፋሪ ክፍሉ ጀርባ ያልፋል፤ ተሳፋሪው ጎንበስ ሳይል ይሄዳል። 47 ተሠሩ። ወደ ፊት ያዘመመ ክንፍ ይዘው ለገበያ ከወጡት ጄቶች ይሄ ብቻውን ይቀመጣል።

የእኔ ፍርድ? ወደ ፊት ለማዘመም ጥሩ ምክንያት ካላችሁ ከሞላ ጎደል ይሄ ነው። መጠምዘዙ በዚህ ትንሽ አንግል ቀላል ስለሆነ በተራ ጥንካሬ ይቻላል።

ካናርድ

አሜሪካዊው የአውሮፕላን ነዳፊ በርት ሩታን በ1975 ቫሪኢዝን፣ በ1979 ሎንግ-ኢዝን አበረረ። ሁለቱም ሰው ፕላን ገዝቶ ቤቱ እንዲሠራቸው የታሰቡ ናቸው። ፎሙ በጋለ ሽቦ ይቆረጣል፣ ፋይበርግላስ ይለበስበታል። እኛ የምናደርገው ነው፣ በትልቁ።

ብልሃቱ ይሄ ነው፤ የፊቱ ትንሽ ክንፍ ቀድሞ ስቶል ያደርጋል፣ አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ዋናው ክንፍ አደጋው ጋር ሳይደርስ ይተርፋል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ዋናው ክንፍ አቅሙን ሁሉ መቼም አለመጠቀሙ ነው። ስለዚህ በፍጥነት ያርፋል፣ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። አዲስ አበባ አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ገደማ ስስ ስለሆነ ያው ክንፍ ለመንሳፈፍ ወደ 12 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ሜዳችሁ አጭር ከሆነ ካናርድ ያስለቅሳችኋል።

የሩታን ቮያጀርም ካናርድ አለው። ታኅሣሥ 1986 ነዳጅ ሳይሞላ በ9 ቀን ዓለምን ዞረ። ሲነሳ ክንፉ በነዳጅ ክብደት ወደ ታች ጎብጦ ጫፎቹ አስፋልቱን እየፋቁ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ተንደረደረ። ጫፎቹ ተጎዱ፤ አውሮፕላኑ ግን ሄደ።

ጅራት የሌለው ክንፍ

የአሜሪካው ኩባንያ ኖርዝሮፕ በ1947 ዋይቢ-49ን አበረረ፤ ሙሉ አውሮፕላኑ ክንፍ ነው። ሰኔ 1948 ላይ አንዱ በሙከራ ላይ ወድቆ ካፒቴን ግሌን ኤድዋርድስን ጨምሮ አምስት ሰዎች ሞቱ። ኤክስ-29 የበረረበት ጦር ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ሐሳቡ አልሞተም። የአሜሪካው ቦምብ ጣይ ቢ-2 በ1989 ሲነሳ የክንፉ ስፋት ልክ እንደ ዋይቢ-49 ነበር፤ 52 ሜትር ከምናምን። ልዩነቱ ኮምፒውተር መጨመሩ ነው።

በትልቁ እንዲህ ያስቸገረው ክንፍ በትንሹ ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው መሆኑ ይገርማል። ሁለት ፎም፣ ሁለት ሰርቮ (መሪ ሳንቃዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)፣ አንድ ሞተር። የሚሰበር ጅራት የለውም። አንድ ነገር ብቻ ይቅርታ አያውቅም፤ የክብደት ማዕከል። ባትሪውን አንድ ጣት ወደ ኋላ ብትገፉት እንደ ፌስታል ይንከላወሳል።

ሰያፍ ክንፍ

አንድ ክንፍ መሃሉ ላይ በምሰሶ ተይዞ እንደ መቀስ ይዞራል፤ ቀኙ ወደ ፊት፣ ግራው ወደ ኋላ። ቀልድ ይመስላል። የናሳው ሮበርት ጆንስ ግን ቀልዱን አልነበረም። የሙከራ አውሮፕላኑ ኤዲ-1 ከታኅሣሥ 1979 እስከ 1982 ድረስ 79 ጊዜ በረረ፣ ክንፉንም እስከ 60 ዲግሪ አዞረ። ከፎምና ከፋይበርግላስ የተሠራ ሲሆን ውሉ 240 ሺህ ዶላር ነበር፤ ከኤክስ-29 ጋር አስተያዩት። ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ጠባዩ ይበላሻል። አፍንጫውን ቀና ሲያደርጉት ወደ ጎን ያጋድላል። ቢሆንም በጥያቄ ብዛት ለተማሪ እንደ እሱ የሚመች አላየሁም።

ሁለቱ ክንፎች አብረው ወደ ኋላ የሚታጠፉበትን ዓይነት፣ በደርግ ጊዜ አገራችን የነበረውን ሚግ-23 ጨምሮ፣ አልፌዋለሁ። ማጠፊያው ከባድ ነው፣ ውድ ነው። ጋራዥ ውስጥ አይሠራም።

በአጭሩ

| አማራጭ | ሲጎብጥ | ስቶል የሚጀምርበት | ያለ ኮምፒውተር | የሚሰጠው |
|---|---|---|---|---|
| ወደ ኋላ | ራሱን ያስታግሳል | ጫፍ | ይቻላል | ለፈጣን ጄት ፍጥነት |
| ወደ ፊት፣ ብዙ | ራሱን ያባብሳል | ሥር | ሞዴል ከሆነ፣ በጥንቃቄ | ስቶል ላይ መታዘዝ |
| ወደ ፊት፣ ጥቂት | በጥቂቱ ያባብሳል | ወደ ሥር ያደላል | ይቻላል | የውስጥ ቦታ |
| ካናርድ | እንደ ዋናው ክንፍ | የፊቱ ትንሽ ክንፍ | ይቻላል | ስቶልን መከላከል |
| ጅራት የለሽ | ወደ ኋላ ካዘመመ ይስታገሳል | ጫፍ | ትንሽ ከሆነ | ቀላል ሥራ |
| ሰያፍ | አንዱ ጎን ያባብሳል፣ ሌላው ያስታግሳል | ወደ ኋላ የሄደው ጎን | እስከ 45 ዲግሪ ገደማ | የምርምር ርዕስ |

እና የቱን ልያዝ?

ያላችሁ ፎም፣ ኮላና የቀርከሃ ስንጥር ከሆነ ጅራት የለሹን ሥሩ። አትከራከሩኝ። መጀመሪያ አንድ የሚበር ነገር ይኑራችሁ።

ሁለት ሰው የሚይዝ ግላይደር ወይም ከባድ ካሜራ መሃሉ ላይ የሚጭን ድሮን ከሆነ 5 ወይም 6 ዲግሪ ወደ ፊት ማዘመም ይጠቅማችኋል። ከዚያ በላይ አትሂዱ።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት ወደ ፊት ያዘመመውን ምረጡ፣ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ልጆች ክንፉን በጠንካራ ፕላስቲክ ያትሙና የነፋስ ዋሻ ውስጥ ይከቱታል፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ የማይጎብጥ አድርገው ያሰሉታል። የማይጎብጥ ክንፍ ደግሞ አይጠመዘዝም። ውጤቱ ምርጥ ይወጣል፣ ዋናው ችግር ግን አልተነካም። ጥሩ ፈታኝ ካጋጠማችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ ያነሳባችኋል። የሚጎብጥ ክንፍ ሥሩ፣ ክሩን በሁለት የተለያየ አንግል አንጥፋችሁ አወዳድሩ። ያ ብቻውን ፕሮጀክት ነው።

ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ ካናርድ መሥራት ትችላላችሁ። የሎንግ-ኢዝ ፕላን ሽያጭ ከ1985 ወዲህ ስለቆመ ያለቀ መግዛት ይሻላል። ሜዳው ረጅምና ደህና አስፋልት መሆኑን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

እና የኤክስ-29 ፎቶ አሁንም እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ እሺ፣ ሥሩት። 30 ዲግሪውን ወደ 15 አውርዱት። ክንፉ ውስጥ ቀርከሃ አስገቡ፤ ላይና ታቹ ላይ ክር ያለው ጠንካራ ፕላስተር ከክንፉ ዘንግ ትንሽ ወደ ፊት አዘምማችሁ ለጥፉ። ከመወርወራችሁ በፊት ሥሩን በአንድ እጅ ያዙ፣ ጫፉን በሌላው ወደ ላይ ግፉ፣ በጎን እዩት። የፊት ጠርዙ ከፍ ካለ ፕላስተሩን ልጣችሁ ዘመሙን ጨምሩ። እኔ ሁለት ጊዜ ልጬ ነው ሦስተኛው ላይ ዝቅ ያለልኝ፤ ከዚያ ከዚያው በረንዳ ወረወርኩት። የልብስ ገመዱን አልፎ ሄደ።